ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡ፦ ከ«ጓ!» ድምፁ እስከ ጋራዡ ሒሳብ

ሐምሌ ላይ ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት አልፏል፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ከጎሮ ወደ ሰሚት በሚወስደው መንገድ ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ ድንገት ወደ ግራ ሸሸት አለ። ለምን እንደሸሸ እስካስብ ድረስ የቪትዝ መኪናዬ የቀኝ የፊት ጎማ ተራ ኩሬ የመሰለኝ ውሃ ውስጥ ገብቶ «ጓ!» አለ። ከኋላዬ ያለው ደግሞ አዝኖልኝ ሳይሆን ቶሎ አልሄድክም ብሎ ክላክሱን ለቀቀብኝ። በማግስቱ ጎሚስታው ጎማውን በመዳፉ ዳሰስ አደረገና «ጋሼ፣ ይቺ ጎማ አርግዛለች» አለኝ።

ጎማውን ቀየርኩ። አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሠራሁ። መሪው ግን ወደ ቀኝ መሳቡን አልተወም። ሌላ ቤት ሄጄ እንደገና አላይመንት አሠራሁ፤ ያው ነው። ሦስት ሳምንት ቆይቶ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ መኪናዋን በክሪክ አነሱና ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘው ነቀነቁት። «ቀጭ፣ ቀጭ» አለ። ቴስቲኒው፣ ማለትም የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያያይዘው መጋጠሚያ፣ ላሽቋል። እሱ እየተወዛወዘ የተሠራ አላይመንት ከጋራዡ በር ሳይወጣ ይበላሻል፤ ሁለቴ የከፈልኩትን ገንዘብ ውሃ በላው ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ጉድጓዱን መድፈን በእጃችን አይደለም። ከገባን በኋላ ምን አስቀድመን እንደምናይ፣ ምን አስቀድመን እንደምናሠራ ግን በእጃችን ነው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በጉድጓዱ ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ነው።

1. ጉድጓዱ የት እንደሚጠብቃችሁ እወቁ

አስፋልት ከላይ ሲታይ ጠንካራ ይመስላል እንጂ የሚሸከመው ከሥሩ ያለው የጠጠርና የአፈር ንጣፍ ነው። ከላይ ስንጥቅ ሲፈጠር የዝናብ ውሃ በዚያ ይሰርግና ንጣፉን ያላላዋል። ከዚያ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ውሃውን እንደ ፓምፕ እየገፋ ደቃቁን አፈር አብሮ ያስወጣዋል፤ ከሥር ባዶ ይቀራል፤ አንድ ቀን ከላይ ያለው ቅርፊት ይደረመሳል። በቦሌና በአቃቂ በኩል ብዙ ቦታ ያለው ዋልካ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ እዚያ መንገዱ በበጋም ዕረፍት የለውም።

ይህን ካወቃችሁ ጉድጓድ የሚወድዳቸውን ቦታዎች መገመት አያስቸግርም። አንደኛው ቦዩ በቆሻሻ ተደፍኖ ውሃ መንገድ ላይ የሚተኛበት ነው። ሁለተኛው የታክሲና የአውቶቡስ ማቆሚያ ነው፤ ከባድ መኪና እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ ፍሬን ይይዛል፣ የሚንጠባጠበው ናፍጣም የአስፋልቱን ሬንጅ ያሟሟዋል። ሦስተኛው ለውሃ መስመር ወይም ለኬብል ተቆፍሮ ለይስሙላ የተመለሰ ቦይ ነው፤ መንገዱን አቋርጦ እንደ ጠባሳ ይታያል፣ አንድ ክረምት ካለፈበት ደግሞ ይሰምጣል። ኮብልስቶንና አስፋልት የሚገናኙበት ጠርዝና የማንሆል ዙሪያም እንዲሁ ናቸው። ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል ግን ከጉድጓድም የባሰ ነው፤ ጎማው ሙሉ በሙሉ ይገባበታል።

በክረምት ሕጌ አንድ ነው፦ ማንኛውም ኩሬ ጉድጓድ ነው፣ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ። የሚረጋገጠው ደግሞ ከፊት ያለው መኪና ሲያልፍበት ነው። ስለዚህ የፍሬን መብራቱን ብቻ ሳይሆን ጎማውን ተመልከቱ፤ የት እንደሚዘል፣ የት እንደሚሸሽ ይነግራችኋል። ይህን ለማየት ርቀት ያስፈልጋል። ከፊታችሁ ያለው አንድ ምልክት ሲያልፍ መቁጠር ጀምሩ፤ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ እናንተም እዚያ ከደረሳችሁ ተጠግታችኋል። አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ሰከንድ ክፍት ከተዋችሁ ሁለት ሚኒባስ ይገባበታል፤ አውቃለሁ። ይግቡ። እነሱ ጉድጓዱን ቀድመው ይቀምሱላችኋል።

መንገድ መካከል የቆመ ቅርንጫፍ፣ የተከመረ ድንጋይ ወይም አሮጌ ጎማ ካያችሁ የሰፈሩ ሰው ያስቀመጠው ማስጠንቀቂያ ነው። ከማንኛውም ኦፊሴላዊ ምልክት የበለጠ እመኑት።

2. ክረምት ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ

የጎማውን ንፋስ አስለኩ፤ ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር በኩል ባለው ቋሚ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ትናንሽ የቤት መኪናዎች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ የንፋስ ልክ ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ የእናንተ መኪና ልክ አይደለም። «ለጉድጓድ ይሆናል» ብሎ 40 የሚነፋ ጎሚስታ አለ። አትስሙት። በጣም የተነፋ ጎማ ምቱን ሳይውጥ ለሾኩ (ንዝረቱን ለሚውጠው ዕቃ) እና ለቴስቲኒው ያቀብላል፤ የጎደለው ደግሞ በጉድጓዱ ጠርዝና በቸርኬው (ጎማው በተገጠመበት ብረት) መካከል እንደ ሳንድዊች ይቆነጠጣል።

ስለ ቸርኬ ካነሳን፦ ቪትዝ ላይ ብዙ ጊዜ የምናየው ጎማ 165/70/14 ነው። 165 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 14 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው፤ 70 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ወደ 115 ሚሊ ሜትር ገደማ። ለማማር ብለው 195/45/16 ያስገቡ ወዳጆች አሉኝ፤ የእነሱ ወደ 88 ይወርዳል። በጉድጓዱና በብረቱ መካከል ያለችው ትራስ ይህችው ናት። መኪናው ያምራል፤ የሚያምረው ግን ቆሞ ነው።

ትርፍ ጎማውን አውጡና ንፋሱን እዩ። ብዙዎቻችን ትርፍ ጎማችንን የምናስታውሰው በምንፈልገው ቀን ነው፤ ያን ቀን ደግሞ እሱም ባዶ ሆኖ ይገኛል። ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኖራቸውን አረጋግጡ። አንድ ዳዶ በራሳችሁ እጅ ፈትታችሁ አጥብቁ፤ በአየር ማሽን የጠበቀ ዳዶ ጨለማ ውስጥ በእጅ አልፈታ ሲል ሰው ያስለቅሳል። ጎማው የተመረተበትን ጊዜም እዩ፦ ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ያሳያሉ። 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019፣ 23ኛው ሳምንት ነው። ያረጀ ጎማ ጥርሱ ቢኖርም ጎኑ ደርቋልና ምት አይችልም። ጥርሱ መካከል ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች 1.6 ሚሊ ሜትር ላይ ናቸው፤ ጥርሱ ከእነሱ ጋር ከተስተካከለ ጎማው አልቋል።

3. ማምለጥ ካልቻላችሁ

መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ፦ ለጉድጓድ ተብሎ መሪ አይጠመዘዝም። ጉድጓዱ ጎማ ይበላል፤ በግራችሁ የሚመጣው ሞተረኛ ወይም ባጃጅ ግን ሰው ነው። መስታወት ሳታዩ አትሽሹ።

ፍሬን የምትይዙት ከጉድጓዱ በፊት እንጂ ውስጡ አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ፍሬን ስትይዙ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ይደፋል፣ የፊት ሞላዎች ይጨመቃሉ፤ በዚያ ሁኔታ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ምቱን የሚውጥበት ቦታ አይቀረውም። የታሰረ ጎማ ደግሞ ጠርዙን አይወጣም፤ ይጋጨዋል። ስለዚህ እስከ ጠርዙ ድረስ የቻላችሁትን ያህል ቀንሱ፣ ልትገቡ ስትሉ እግራችሁን ከፍሬኑ አንሱ፣ ጎማው እየተንከባለለ ይግባ፣ እየተንከባለለ ይውጣ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የምቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ 40 የነበረውን ወደ 20 ማውረድ የማይረባ እንዳይመስላችሁ።

መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ በሁለት እጅ ያዙ። ጎማ ታጥፎ ሲገባ ምቱ በቀጥታ ቴስቲኒው ላይ ያርፋል፣ የጎማው ጎንም ለጠርዙ ይጋለጣል። መንገዱን ያቋረጠ ሰፊ ቦይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ ሰያፍ አድርጋችሁ፣ አንድ አንድ ጎማ እየጣላችሁ ተሻገሩ። ሆዷ ዝቅ ያለች መኪና በዚህ መንገድ ፓራውልቷን ታድናለች።

ውሃ ያቆረበትን ስታልፉ ቀስ በሉ ስል ለመኪናችሁ ብቻ አይደለም። ጠርዙ ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ቆሞ ይሆናል። ነጠላ ለብሳ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ እናት ጭቃ ስትለብስ አይቼ እኔ ነኝ የተሸማቀቅኩት፤ የረጫትስ ዞር ብሎም አላየም።

4. የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች

«ጓ!» ካለ በኋላ ድንገት ፍሬን አትርገጡ። መሪውን አጥብቃችሁ ያዙ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብሩ፣ ፍጥነቱ በራሱ ይውረድ። ኋላ ያለው ክላክሱን ይንፋ፤ ክላክስ ጎማ አይሰብርም። ሜዳ ቦታ፣ ከመንገዱ ዳር ወጣ ብላችሁ ቁሙና የእጅ ፍሬን ያዙ።

ሞተሩን ከማጥፋታችሁ በፊት ዳሽቦርዱን እዩ። ቀዩ የዘይት ምልክት ከበራ ወዲያው አጥፉ፤ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ተቀድዶ ዘይት እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ «እስከ ጋራዥ ላድርሳት» ያለ ሰው ሞተር ያቀልጣል። ቀጥላችሁ ፍሬኑን እርገጡ፤ እግራችሁ እስከ ታች ከሰመጠ ወይም እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ መኪናዋ ከዚያ የምትነሳው በጫኝ መኪና ነው። ለዚህ ድርድር የለም።

ወርዳችሁ አራቱንም ጎማ እዩ፤ የተመታውን ብቻ አይደለም፤ የፊቱ ከገባበት የኋላውም ብዙውን ጊዜ ተከትሎ ይገባል። የጎማውን ጎን በመዳፋችሁ ዳስሱ። እንቁላል የሚያህል እብጠት ካገኛችሁ የእኔው ጎሚስታ እንዳለው «አርግዛለች»፤ ውስጡ ያሉት ክሮች ተበጥሰዋል፣ ንፋሱን የያዘው ስስ ጎማ ብቻ ነው። እዚያው ትርፍ ጎማ ቀይሩ። ያበጠ ጎማ አይለጠፍም፣ አይድንም፤ መቼ እንደሚፈነዳ ብቻ ነው የማይታወቀው። እብጠቱ ወደ ውስጥ በኩል ሊሆን ስለሚችል እጃችሁን ከኋላም አስገቡ፤ ጎማው እንዳያቃጥላችሁ ጥቂት ቆዩ።

ቸርኬው ጠርዙ ተጣሞ እንደሆነ እዩ፤ ጆሮ አስጠግታችሁም «ስስስ» የሚል ድምፅ አዳምጡ። ካጠራጠራችሁ ውሃ በሳሙና፣ ካልሆነም ምራቅ ቀብታችሁ አረፋ ጠብቁ።

ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ከሆዷ ሥር እዩ። የሚንጠባጠብ ነገር ካለ በነጭ ሶፍት ንኩትና ቀለሙን ተመልከቱ። ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ የሚያንሸራትት የሞተር ዘይት ነው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ነው። ቀይ ከሆነ የካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል። ጎማው አጠገብ ቀጠን ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ካገኛችሁ የፍሬን ዘይት ነው፤ አትንቀሳቀሱ። ንጹሕ ውሃ ብቻ ከሆነ የኤሲ ውሃ ነው፤ ተረጋጉ። ከሞተሩ ሥር ላሜራ ያሠራችሁ ልብ በሉ፦ ላሜራው ዘይቱን አቁሮ ይደብቃል፤ ምንም ባይታይም ማታ ካቆማችሁበት ሥር ካርቶን ዘርግታችሁ ጠዋት እዩት።

እግረ መንገዳችሁን ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱ። ጉድጓዱን፣ ጎማውን፣ ቦታውን የሚለይ ሕንፃ ወይም ማስታወቂያ አብሮ የሚታይበት አድርጉ። ጉድጓዱ አጠገብ ጫማችሁን አስቀምጣችሁ ብታነሱ ስፋቱ ይታወቃል። ግን መንገድ መሐል ቆሞ ፎቶ ማንሳት የለም።

5. በሳምንቱ ውስጥ ጆሮ ስጡ

አንዳንዱ ጉዳት በዕለቱ አይታይም። ቀስ ብሎ በድምፅ ይናገራል። ሬዲዮውን ዝጉ፣ መስኮቱን ክፈቱ።

ትንንሽ ጉብታ ላይ «ጧ፣ ጧ» የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ጎሚኒ (በብረቶቹ መካከል ያለው የላስቲክ ትራስ) ወይም የመኪናዋን መወዛወዝ የሚቀንሰው ዘንግ ማገናኛ ነው። ከፍጥነት ጋር እያደገ የሚሄድ «ህምም» የሚል ድምፅ ካለና ወደ አንድ ወገን ስትታጠፉ ከተለወጠ የጎማው ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ነው፤ ቆይታችሁ ብትነዱበት ይባባሳል እንጂ አይለምድም። መሪ እስከ ጥግ ስታዞሩ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ደግሞ ከሴሚያሱ (ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ) ጫፍ ነው፤ ጎንበስ ብላችሁ የላስቲክ ሽፋኑን እዩ፣ ከተቀደደ የጎማው ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቁር ግራሶ ተረጭቶ ታገኙታላችሁ። ሽፋኑ ገና ሲቀደድ ከተደረሰበት ሽፋኑን ብቻ መቀየር ይበቃል፤ አሸዋ ከገባበት በኋላ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዱ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቸርኬ ተጣሟል ወይም ባላንሱ (ጎማውን የሚያመዛዝነው ትንሽ ክብደት) ወድቋል። ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ይህን ሳታውቁት ወራት ልታሳልፉ ትችላላችሁ፤ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ስትወጡ ያን ጊዜ ይገለጥላችኋል። መኪናዋ ወደ አንድ ወገን የምትሳብ ከሆነ ወይም ቀጥ ብላችሁ እየነዳችሁ መሪው ተጣሞ ከቆመ ከመሪው ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ተነክቷል።

ድፍረቱ ያላችሁ ይህን ቤታችሁ ሞክሩት፦ ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ለሌሎቹ ጎማዎች ድንጋይ አስደግፉ፣ የተመታውን ጎማ በክሪክ ከመሬት አንሱ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታውን ወይም የታችኛውን ክንድ (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘውን ብረት) ጠርጥሩ። ከዚያ ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ነቅንቁ፤ እዚህ ላይ ብቻ ከተንቀሳቀሰ የመሪው ቴስቲኒ ነው። ይህች የሁለት ደቂቃ ሙከራ ናት እኔን ሁለት አላይመንት ያስከፈለችኝ። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር ግን ማንም አይግባ፤ እጅም እግርም።

6. ጋራዥ፦ ቅደም ተከተሉን አትልቀቁ

መጀመሪያ ጎማና ቸርኬ። ቀጥሎ የላላ ወይም የተጣመመ ነገር ሁሉ፦ ቴስቲኒ፣ ጎሚኒ፣ ክንድ፣ ኩሽኔታ፣ ሾክ። አላይመንት የሁሉ መጨረሻ ነው። አላይመንት ቤት ስትደርሱ ከመለካቱ በፊት «መጀመሪያ የላላ ነገር ካለ እዩልኝ» በሉ። ሳያይ በቀጥታ ማሽኑን የሚሰካ ከሆነ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ። ሲጨርስ ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ልኬት የሚያሳየውን ወረቀት ጠይቁ፤ ማሽኑ ያትማል።

የተጣመመ የብረት ቸርኬ ይቃናል። አሉሚኒየሙ ግን በጥቂቱ ከተጣመመ በባለሙያ ሊመለስ ይችላል፤ ከተሰነጠቀ አይበየድ። የተበየደ አሉሚኒየም ሲታይ ደህና ነው፣ ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ነው የሚለያየው። ጎማው የተወጋው ጥርሱ ላይ ከሆነና ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ይደፈናል፤ ጎኑ ላይ ከሆነ በጭራሽ።

ሾክ የሚቀየረው በጥንድ ነው፤ የቀኙ ብቻ አዲስ ከሆነ መኪናዋ ፍሬን ላይ ትዛባለች። እዚህ ላይ መካኒኩ ሁለት ግዛ ቢላችሁ እያታለላችሁ አይደለም። የሚያታልላችሁ አራቱንም፣ ቴስቲኒውንም፣ ክንዱንም፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ሲዘረዝር ነው። «አሳዩኝ» በሉ። የላላ ነገር ሲነቀነቅ በዓይን ይታያል፣ በጆሮ ይሰማል። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ተረከቡ፤ ባትፈልጉትም ተረከቡ።

ዕቃ ለመግዛት ሶማሌ ተራ የምትወርዱ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የመኪናችሁን የሻንሲ ቁጥርም በስልክ አንሱ። ያገለገለ ክንድ ወይም ቸርኬ መግዛት ነውር አይደለም፤ ያገለገለ ቴስቲኒና ኩሽኔታ ግን የሌላ ሰው ጉድጓድ መግዛት ነው።

ዳዶዎቹ በመስቀል ቅርጽ ይጥበቁ፤ ጎን ለጎን ካጠበቁት ቸርኬው ዘንበል ብሎ ይቀመጣል። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ከነዳችሁ በኋላ ደግሞ እንዲጠብቁ አድርጉ።

የኤሌክትሪክ መኪና ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ቁጥራችሁ በርክቷል። ባትሪው ያለው ከሆዷ ሥር ነው፤ መኪናዋም ከተመሳሳይ የነዳጅ መኪና ትከብዳለች፣ ስለዚህ በዚያው ጉድጓድ ጎማው የሚቀበለው ምት ይበዛል። ጎማ ስትቀይሩ የክብደት መሸከሚያ ቁጥሩ ከፋብሪካው ያላነሰ መሆኑን እዩ። ሆዷ ድንጋይ ወይም ጠርዝ ከመታ፣ ዳሽቦርዱ ምንም ባይልም፣ በሊፍት ተነስታ የባትሪው ሽፋን ሳይታይ ቻርጅ አታድርጉ። ሽፋኑ ከተሰረጎደ ወይም ከተሰነጠቀ ሰፈር ያለ ላሜራ ቤት ውስጥ አይቀጠቀጥም።

7. ማን ይከፍላል?

አብዛኛውን ጊዜ እናንተ። የሦስተኛ ወገን መድን ያስገደደን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚጠብቀው በእኛ መኪና የተጎዳውን ሌላ ሰው ነው፤ ጉድጓድ ለሰበረው ጎማችሁ አንድ ሳንቲም አይሰጥም። ሙሉ ሽፋን ካላችሁ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ፦ ጎማ ብቻውን ሲጎዳ የማይከፍሉ፣ «እርጅና» የሚሉትን ሁሉ የሚያስወጡ፣ የመጀመሪያውን የተወሰነ ብር ከራሳችሁ የሚያስከፍሉ ውሎች የተለመዱ ናቸው። ጉዳቱ ተለቅ ካለ ሳታሠሩ ቶሎ አሳውቁ፤ ገምጋሚ ሳያየው የተጠገነ መኪና ይከፈለኛል ማለት ከንቱ ድካም ነው። ጎማና ቸርኬ ብቻ ከሆነ ግን አስሉት፤ ከራሳችሁ የምትከፍሉት ድርሻ ከሒሳቡ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

መንግሥትን መክሰስስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሥራ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት መንግሥት የሚጠየቅበትን በር ከፍቷል፤ ካሳ መጠየቂያው ጊዜም ሁለት ዓመት ነው። ለአንድ ጎማ ችሎት የሚመላለስ ግን አላየሁም፤ ሰው ተጎድቶ ከሆነ ወይም መኪናዋ ከጥቅም ውጭ ከሆነች ጠበቃ አማክሩ፣ ፎቶውንና ደረሰኙን አትጣሉ።

ማመልከት ግን ለሁላችንም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ መንገድ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ነው፤ ከተማ ከከተማ የሚያገናኘው ዋና መንገድ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ማንሆል ከሆነ ባለቤቱ ውሃና ፍሳሽ ወይም ቴሌ ሊሆን ስለሚችል ለሁለቱም ንገሩ፤ ያለዚያ አንዱ ወደ ሌላው ይመራችኋል። በአካል መሄድ ከቻላችሁ በጽሑፍ አስገቡና የገቢ ቁጥር ተቀበሉ። «ሰፈራችን አካባቢ ትልቅ ጉድጓድ አለ» ዓይነት ነገር አትጻፉ፤ ከየትኛው አደባባይ ወደየት ሲሄዱ፣ በየትኛው ወገን፣ ከምን ፊት ለፊት እንደሆነ፣ ስፋቱን፣ ፎቶውን። የዕድር ወይም የሰፈር ሰው አሥራ አምስት ሆኖ የፈረመበት ወረቀት ከአንድ ሾፌር እሮሮ ይልቅ ይሰማል። ይህን ስታደርጉ እየለመናችሁ አይደለም፦ የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. ሲቋቋም ለጥገና ተብሎ ከምንቀዳው ነዳጅ ላይ እንዲቆረጥ ተደርጓል፤ ነዳጅ በቀዳችሁ ቁጥር ከፍላችሁበታል።

እስኪደፈን ድረስ ደግሞ ምልክት አድርጉ። ድንጋይ አታስቀምጡ፤ ማታ ሞተረኛ ይገድላል፣ ተገፍቶም ራሱ ሌላ ጉዳት ይሆናል። አፈርም አትሙሉበት፤ አንድ ዝናብ ጠርጎት ይሄዳል፣ ከሥር ያለውን ጥልቀት ደብቆ ያሳልፋል። ቅጠሉ ያልረገፈ ረዘም ያለ ቅርንጫፍ ትከሉና ጫፉ ላይ ነጭ ፌስታል እሰሩበት። የመኪና መብራት ሲያርፍበት ከሩቅ ይታያል፤ የእኔውን ጉድጓድ እስኪደፈን ድረስ እንደዚያ ነው ያደረግኩለት፣ ቅርንጫፉን ሦስቴ ቀይሬ።